ቅቤ የተቀባው በገና

ባለፈው ሳምንት የአንድ አሮጌ በገና ቆዳ ለማውለቅ በለብታ ውሃ የራሰ ጨርቅ አለበስኩትና እስኪለሰልስ ድረስ ሱቄ በር ላይ ፀሐይ አስያዝኩት። የደረቀ ቆዳ ውሃና ሙቀት ሲያገኝ ይሸታል። ከመልመዴ የተነሳ አፍንጫዬ ልብ አይለውም። የዚህኛው ግን ከሥራዬ ቀና አደረገኝ። መጀመሪያ የበሬው ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ባለፉት ዓመታት የጠጣው የቤት ጭስ፤ ከሁለቱም ሥር ደግሞ እንደሚያፍር እንግዳ ቀስ ብሎ የቅቤ ሽታ ወጣ። ወጥ ውስጥ የሚገባው ንጥሩ አይደለም። ለጋው፣ አሪቲ የተቀላቀለበት፣ በእኛ አገር ሙሽራ ራስ ላይ የሚያኖሩት። ስንት ክረምት አልፎ፣ የቀባችው እጅ አርጅታ፣ የተቀባለት ሰው አፈር ገብቶ፣ ቅቤው እዚያው ነበር። ጨርቁን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

በገናው የጋሽ ወልዴ ነው። ያመጡልኝ ባለቤታቸው እማማ አማረች ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ሳራ መማር ጀምራለችና ለቅበላ ይድረስልኝ ብለው። አብረው አንድ ጥቅል የበሬ ቆዳ አምጥተዋል። ባለፈው ጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ልጆቻቸው ከጎረቤት ጋር አዋጥተው ካረዱት በሬ የተገፈፈ ነው፤ ጨው ነስንሰው በጥላ አድርቀውት ደህና አድርገው ይዘውታል። «አሁን እሷ ተቀድዳለች፤ አዲስ አልብሳት» አሉኝ። እማማ አማረች በገናን «እሷ» ነው የሚሉት። አማርኛን ከገሱባ መጥተው ሶዶ ገበያ ውስጥ የተማሩት ነውና ወንዱንና ሴቱን እንደ ፍቅራቸው ነው የሚጠሩት።

እኔ ይህን በገና የማውቀው ገና ጺም ሳላወጣ ነው ማለት ይቻላል። ያኔ አራዳ ቁልቁለቱ ላይ ከጋሽ ጳውሎስ አናጢ ቤት እሠራ ነበር። አልጋ እንሠራለን፣ በርና መስኮት እንሠራለን፣ ያ ዘመን ሰው ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ማስገባት የጀመረበት ነበርና የሶፋ እግር እንቀርጻለን። ፊት ለፊታችን የካሴት መሸጫ ነበረ፤ በሩ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስፒከር ከጠዋት ጀምሮ መዝሙር ይለቅቃል። ወላይትኛው ሲያልቅ አማርኛው ይገለበጣል፤ ካሴቱ ሲላላ ድምፁ እየወፈረ ይሄድና ሻጩ ቢክ እስኪርቢቶ ከትቶ ያጠነጥነዋል። የቢሮ ሰዎች ከስብሰባ ሲወጡ በደጃችን ያልፋሉ፤ ትከሻው የሰፋ የልባሽ ኮት፣ በብብት የተያዘ ፋይል፣ አንዱ ለሌላው ቀስ ብሎ «ግምገማው እንዴት ነበር?» የሚለው ንግግር። ሻይ በሳንቲም ይጠጣ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ላይ የሚወጣ ጋሪ ፈረሱ ሲደክመው እኛ በር ላይ ይቆማል፤ ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አላየንም። ዛሬ ያ ቁልቁለት ኮብልስቶን ለብሷል፣ የካሴቱ ቤት ሞባይል ይጠግናል፣ ጋሪውን የሚያስታውስ ልጅ የለም። ከሰሜን በኩል ዳሞታ ብቻ እንደዚያው ከሰዓት በኋላ ደመናውን ይከናነባል።

በገና ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ክንዱ የተሰበረ በገና ለጥገና መጣና ባለቤቱ ሳይመለስ ቀረ። ጋሽ ጳውሎስ «ማገዶ አድርጉት» ሲሉ ወደ ቤቴ ወስጄ ፈታሁት። እንጨቱ ዋንዛ እንደሆነ፣ ቆዳው ከጀርባ በጠፍር እንደተሳበ፣ አሥሩ አውታር ከበግ አንጀት እንደተፈተለ፣ ያ ንብ የሚመስል ድምፅ የሚመጣው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል ከምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራ ከሚሏት፣ እንደሆነ የገባኝ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው። የመጀመሪያው በገናዬ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ነበር የሚጮኸው። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ወልዴ የመጡት።

ጋሽ ወልዴ የእህል መጋዘን ጠባቂ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ማታ ማታ ደጃቸው ላይ በገና የሚደረድሩ ሰው። አንድ የመቃኛ እንጨት ተሰብሮባቸው መጥተው ከጥግ የቆመውን የእኔን ሥራ አዩት። በጣታቸው ኳ አደረጉት።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽዬ።»

«ቆዳው ሳይደርቅ ነው አውታር የጫንክበት። ቸኩለሃል። ነገ ቤት ና፣ የእኔን እየው። እጅህን ታጥበህ ና ግን።»

ሄድኩ። ታጥቤ ሄጄ እዚያም እንደገና አስታጠቡኝ። በገናው ነጭ ነጠላ ለብሶ በቃጫ ገመድ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «የውጩ ግድግዳ በክረምት ያልበዋል፤ ቆዳ ደግሞ ላብ ይጠጣል» አሉኝ። ከደረደሩ በኋላ አውታሩን ያላሉታል፤ ተወጥሮ ካደረ ከላይ ያለው አግዳሚ፣ ቀምበሩ፣ ይጎብጣል። ከምድጃ ያርቁታል፤ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። በወር አንድ ቀን እያወረዱ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉትና አይጥ እንዳልነካው አንጀቱን አንድ በአንድ በጣታቸው ያያሉ። እኔ እስከ ዛሬ ለደንበኛ የምናገረው ሁሉ ያን ቀን ከዚያ ግድግዳ ሥር የሰማሁት ነው።

እማማ አማረች ከጓዳ ወጥተው ዳታ በርበሬ የተቀባ ቆጮ አቀረቡልኝ። እሳቸው የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ከገሱባ አምልኮ ወዳድ ቤተሰብ። ጋሽ ወልዴ ደግሞ የማርያም ሰው። ሁለቱ ሲጋቡ የሁለቱም ወገን ተኮራርፏል ይባላል። እሁድ ጠዋት አብረው ከቤት ይወጣሉ፣ መንታው መንገድ ላይ ይለያያሉ፣ ቀትር ላይ አብረው ይበላሉ። በገናውን ግን እማማ አማረች በትዳር ዘመናቸው አንድም ቀን ነክተውት አያውቁም።

«ምነው አይነኩትም?» አልኳቸው።

«የእሱ ናት። እኔ ጣውንት አልነካም።»

ጋሽ ወልዴ ሳቁ። «የዚህ ቆዳ ታሪክ ነው ያስቀየማት» አሉና ነገሩኝ። እንደ ተጋቡ በመጀመሪያው ጊፋታ አብረው ካረዱት ሰዎች ጋር ሥጋ ሲካፈሉ፣ አዲስ ሙሽራ ነውና ሻኛው ለእሱ ይሁን ተባለ። እሳቸው ሻኛውን ትተው ቆዳውን ጠየቁ።

«ወንድሞቼ ስቀው ሞቱ!» አሉ እማማ አማረች። «‹እህታችን፣ ሥጋ ትቶ ቆዳ የሚበላ ባል አገባሽ› አሉኝ። ያን ዓመት እኔ ሥጋ ከጎረቤት ነው የበላሁ።»

«ሻኛው ቢሆን አሁን የት አለ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ይህ ሁሉ ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋሽ ወልዴ መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ክምር ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጃቸው አልማዝ ሐዋሳ ነበረችና ለሕክምና ወሰደቻቸው። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ እማማ አማረች በነጠላ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፈው ጋሽ ጳውሎስ ቤት በር ላይ ቆሙ።

«ሳሮ፣ ታምሩ» ብለው በወላይትኛ ሰላም አሉኝ። «ጋሽ ጳውሎስ አለ?»

«ሳሮ። ምሳ ሄደዋል።»

«ደህና። እሱ ይስቅብኛል።» ነጠላውን ገለጡ።

የጋሽ ወልዴ በገና ነበር። ፊቱ ያብረቀርቃል። ቆዳው ብቻ ሳይሆን አውታሩም፣ ቀምበሩም፣ መቃኛዎቹም። ጣቴን ባሳርፍ ተንሸራተተ። አውታሩን ብስበው ያ የንብ ድምፅ የለም፤ እርጥብ ጫማ ሲመታ የሚወጣ «ዱም» የሚል ነገር ብቻ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቅቤ ነው። ከገሱባ ያስመጣሁት ጥሩ ቅቤ። አሪቲ አለው።» አንገታቸውን ደፉ። «ጊፋታ ሲመጣ ሁላችን ተቀባን። ልጆቹ ተቀቡ፣ ምራቴ አራስ ነበረች ተቀባች። ቀና ስል እሷ ግድግዳ ላይ ብቻዋን። አሳዘነችኝ። የሚያወርዳት የለ፣ የሚጠርጋት የለ፣ እንደኔ ሆነች። አወረድኳትና ቀባኋት። ደግሞ በሁለተኛው ወር ደረቀች መሰለኝ፣ ጨመርኩ። ትናንት አልማዝ ስልክ ደወለች፤ አባባ ለጾም ይመጣል አለች። ደስ ብሎኝ አንዷን ገመድ በጣቴ ነካሁ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ሞታለች፣ ታምሩ?»

ወላይታ ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። እኛ የምንወደውን እንቀባለን። ሙሽራ፣ አራስ፣ ከትምህርት ተመርቆ የመጣ ልጅ፣ ከሩቅ የተመለሰ ሰው፣ ራሱ ላይ ቅቤ ሳያርፍ ደስታው ደስታ አይሆንም። እማማ አማረችም ዕድሜ ልካቸውን ጣውንት ያሉትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዱት የሚያውቁትን አደረጉለት። የበገና ቆዳ ግን መልስ የሚሰጠው ደርቆ ሲወጠር ነው። ቅቤ የጠጣ ቆዳ ለጫማ ይሆናል እንጂ አይዘምርም።

ጋሽ ጳውሎስ ከምሳ ተመልሰው አዩት፤ እንደተፈራውም ሳቁ። «እሰይ! እኅቴ፣ አንቺ ወንጌል ሰብከሽ ያልቻልሽውን በቅቤ ዘጋሽው!» ከዚያ የእማማ አማረችን ፊት አይተው ሳቃቸውን ዋጡ። «በሉ፣ ቀላል ነው። ልጁ ይህን ቆዳ አውልቆ አዲስ ያልብሰው። ለጾም ይደርሳል።»

እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። አዲስ ቆዳ ካለ በገናው በእርግጠኝነት ይናገራል። እማማ አማረች ግን ሁለት እጃቸውን ቆዳው ላይ አደረጉ።

«ይሄ የጊፋታችን በሬ ነው። ሌላ ካለበስከው ሲያየው ያውቃል። ምን ሆነ ሲል ምን እላለሁ?»

«ድምፅ ከሌለውስ?» አሉ ጋሽ ጳውሎስ።

«እሱም አይሆንም። ሐኪም ከእንግዲህ ዳገት አትወጣም ብሎታል። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው። ጾሙን ሙሉ የሚጸልየው በእሷ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሞክር በእናትህ። ካልሆነ ያኔ ቆርጠህ ጣለው።»

ሞከርኩ። አውታሩን ሁሉ ፈታሁ፤ አንጀቱን በለብታ ጨርቅ እያሸሁ አደረቅሁት። ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ አምጥቼ ብረት ምጣድ ላይ አሞቅኩና በገናውን አስተኝቼ ፊቱን ቀበርኩት። ፉርሽካው ቅቤውን ሲጠጣ ይጠቁራል፤ እጥለዋለሁ፤ ሌላ አሞቃለሁ። ሙቀቱ ከበዛ ቆዳው ይኮማተራል፤ ካነሰ ቅቤው አይወጣም፤ ስለዚህ በክንዴ ውስጠኛ በኩል እየነካሁ፣ ለሕፃን ወተት እንደሚለኩት ነበር የምለካው። የጣልኩትን ፉርሽካ የጋሽ ጳውሎስ ዶሮዎች ለቅመው ላባቸው አበራ። «የአማረች ቅቤ ለማንም ይበቃል» ይሉ ነበር ጋሽ ጳውሎስ። ቀምበሩ ላይ መቃኛዎቹ እየተንሸራተቱ አልያዝ ሲሉ በትምህርት ቤት ጠመኔ አሸኋቸው። እማማ አማረች ከገበያ ሲመለሱ በየቀኑ በር ላይ ይቆማሉ፤ አይገቡም፤ ቅንድባቸውን ብቻ ያነሳሉ። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ያልፋሉ።

ጋሽ ወልዴ በሚገቡበት ዋዜማ አውታሩን ጫንኩ። ስምንቱ ተናገሩ። እንደ ድሮው አይደለም፤ ድምፃቸው ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል፤ ግን ንቧ አለች። የመሐሉ ሁለቱ፣ ቅቤው ከሁሉ በላይ በፈሰሰበት ቦታ የሚያርፉት፣ አልነቁም። እንዚራቸውን ብለዋውጥ፣ በርኩማውን ባንቀሳቅስ እምቢ አሉ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ነጠላውን አልብሼ ወስጄ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ በዚያው ቃጫ ሰቀልኩት።

«እንዳትነግረው» አሉኝ እማማ አማረች።

ጋሽ ወልዴ በምርኩዝ ገቡ። ክብደታቸው ቀንሶ ያ እስከ አንገት የሚቆለፈው ሸሚዝ ሰፍቷቸዋል። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ፤ ተንጠራርተው መቃኘት ስለማይችሉ እንድይዝላቸው። ደጃቸው ላይ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት በርጩማ ተቀመጡ። እማማ አማረች በሩ ውስጥ ሆነው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር፤ የጎመኑን ቅጠል ጥለው ግንዱን እንደሚያስቀሩ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጋሽ ወልዴ አንዱን አውታር ነኩ። ሌላውን ነኩ። ወደ እኔ አዩ፤ እኔ መሬት አየሁ። ቃኝተው መደርደር ጀመሩ። ድምፃቸው ደክሟል፤ በገናውም ደክሟል፤ ሁለቱ ተስማሙ። ጥቂት እንደሄዱ ፀሐዩና የደረታቸው ሙቀት ቆዳውን አሞቀውና ያ ሽታ ተነሳ። እጃቸው ቆመ። አፍንጫቸውን ወደ ቆዳው አስጠጉ።

«አማረች።»

«አቤት።»

«ይሄ ምን ይሸታል?»

«ምን ይሸታል?»

«ቅቤ።»

የጎመኑ መቀንጠስ ቆመ።

«ሁዳዴ ውስጥ ነን። እኔ ጎመን በዘይት እበላለሁ። በገናዬ ቅቤ ይሸታል። አስገደፍሽው?»

እማማ አማረች ሰፌዱን ይዘው ወጡ። «እኔ ጾሙን አላሰብኩም፣ የአልማዝ አባት። ጊፋታ ነበር የቀባኋት። ሰው ሁሉ ሲቀባ እሷ ብቻዋን ነበረች። አንተም አልነበርክ። ምን ላድርግ?»

ጋሽ ወልዴ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ነካሽው?»

«ነካኋት።»

«በእጅሽ?»

«በምን ልቀባት ኖሯል? በእግሬ?»

ሳቁ እንዴት እንደጀመረ አላውቅም፤ ጋሽ ወልዴ ዳሌያቸውን ይዘው «አታስቁኝ፣ ያመኛል» እያሉ ይስቃሉ፣ እማማ አማረች ሰፌዱን እንደያዙ እያለቀሱ ይስቃሉ። እኔ እንደ ሰነፍ አናጢ በመሐላቸው የሚናወጠውን በገና በሁለት እጄ ደግፌ ቀረሁ።

«ጋሽዬ፣ ቆዳው ይቀየር?» አልኩ ሲረጋጉ። «ሁለቱ አውታሮች አልተነሱም።»

«ተዋቸው። ስምንቱ ይበቁኛል» አሉ። ዓይናቸውን ጠራርገው ምርኩዛቸውን ወደ ጓሮው ጥላ ጠቆሙ። «ወደዚያ አዙሩኝ። ቀዝቀዝ ካለ አይሸትም። እስከ ፋሲካ ፀሐይ አታስነኩት።»

ጾሙን ሙሉ ጥላ ውስጥ ደረደሩ። በፋሲካ ጠዋት እንኳን አደረሰዎ ልል ስሄድ በርጩማው ፀሐይ ላይ ወጥቷል፣ በገናውም። ጋሽ ወልዴ አይደረድሩም ነበር። ዝም ብለው ቆዳው እስኪሞቅ ይጠብቃሉ፤ እማማ አማረች አጠገባቸው ተቀምጠው ሥጋ ይከትፋሉ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ወልዴ እስኪያርፉ ድረስ በየዓመቱ እንዲህ ሆነ። እኔም የራሴን ሱቅ ከፈትኩ፤ ለገዢ ሁሉ ከእሳት፣ ከእርጥበት፣ ከአይጥ አርቁት ካልኩ በኋላ «ከቅቤም» እጨምራለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ይስቃሉ። ማን በገና ቅቤ ይቀባል? ይላሉ።

እና አሁን ያ ቆዳ ጠርዙ ላይ ተቀዶ እጄ ገባ። አወለቅሁት፤ አዲሱን አረጠብኩ፣ በጠፍር ስቤ ሰፋሁ፣ በጥላ አደረቅሁ፤ አልቸኮልኩም። አሥሩም አውታር ተናገሩ። ጋሽ ወልዴ የደረደሩት ያ በገና እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ትናንት እሁድ ከሰዓት በኋላ እማማ አማረች የልጅ ልጃቸውን ተደግፈው መጡ። ሳራ ከእናቷ ጋር የማርያም ናት። አቅፋው ጥቂት ደረደረችና ፊቷ በራ። እማማ አማረች ግን ድምፁን ልብ አላሉትም። ጎንበስ ብለው ቆዳውን አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ።

«ጥሩ ነች» አሉ። «ጥሩ ነች» ሲሉ ግን ወደ መንገዱ ነበር የሚያዩት።

አሮጌውን ቆዳ አጥፌ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ብብታቸው ውስጥ አደረጉት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አወጡና አዩኝ።

አርባ ዓመት ልደፍን ነው፤ በገና ላይ ቅቤ እንዳይደርስ ስናገር ነው ጺሜ መሸበት የጀመረው። በገናውን ከሳራ ተቀብዬ አቆምኩት። አውታር የማይጠመጠምበትን፣ ከክንዱ አልፎ የሚወጣውን የቀምበሩን ጫፍ በጣቴ ነካሁ። እንጨት ነው፤ ምንም አይሆንም።

«እዚህ ጋ ብቻ፣ እማማ።»

ወደ ላይ አይተው ገረማቸው። «ለካ ራሷ እዚያ ነበር? እኔ ያኔ ሆዷን ነው የቀባሁ!»

«አያቴ፣ ነገ እኮ ጾም ይገባል» አለች ሳራ።

«ነገ ነው። ዛሬ ቅበላ ነው» አሉ እማማ አማረች፤ በጣታቸው ጫፍ ጥቂት ቆንጥረው፣ ሙሽራ እንደሚቀቡ አድርገው፣ ቀስ ብለው አኖሩለት።

ከዚያ በገናውን አንስቼ ከበሩ ፀሐይ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ፣ ወደ ጥላው ወሰድኩት።